የባሕር ግፊት፣ ኦክሲጂንና የደም ስብ

ከማንበብ በፊት

ከደጋ ወደ ባሕር ጠረፍ የሚወርድ ሰው ጆሮው የሚደፈነው ለምንድን ነው? የተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስስ ለምን አረፋ ያወጣል? ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ። «ግፊት»፣ «መሟሟት»፣ «ቆሽት»፣ «ሕዋስ» የሚሉትን ቃላት በሳይንስ ትምህርት ታውቋቸዋላችሁ፤ እዚህ ምን ምን አገልግሎት እንደሰጡ እያስተዋላችሁ አንብቡ።

ምንባብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ከተማ የሚወርደውን መንገደኛ ሁለት ነገሮች ይቀበሉታል። አንደኛው ሙቀት ነው፤ እርሱን ማንም ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ዐይን የማያየው፣ ቆዳም ለይቶ የማይሰማው ነገር ነው፤ ይኸውም የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቆረቆረች ስትሆን ጅቡቲ ከተማ ያለችው ከባሕሩ ዳር ነው። ከዚህም የተነሣ የአዲስ አበባ የአየር ግፊት በጅቡቲ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መንገደኛው ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልገውም። በአዲስ አበባ ጣቢያ ውኃውን ጠጥቶ «ሃይላንድ» የሚባለውን ባዶ ፕላስቲክ አጥብቆ ቢከድነው፣ ጅቡቲ ሲደርስ ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨራምቶ ያገኘዋል። የጨመቀው የሰው እጅ አይደለም፤ የባሕር ጠረፉ አየር ነው።

ይህ መንገድ የቆየ ነው። የባቡር ሐዲዱ ሥራ በጅቡቲ በኩል እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውና 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው አዲሱ መስመር መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከሐዲዱ ሌላ በአፋር ምድር አቋርጦ በጋላፊ በኩል የሚያልፈው የመኪና መንገድ አለ፤ የኢትዮጵያን የገቢና የወጪ ዕቃ የሚያመላልሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚውሉበትና የሚያድሩበት እርሱ ነው። የአንድ ሾፌር ነገር ከዚህ በታች ይነሣል።

ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር የወረደ፣ በአፍሪቃ ምድር ዝቅተኛው ስፍራ ነው። ሆኖም በዚያ ያለው የአየር ግፊት በወደቡ ካለው የሚበልጠው በመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። አየር ቀላል ስለሆነ ብዙ ወርዶ ጥቂት ይጨምራል። የውኃ ነገር ግን ሌላ ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ 10 ሜትር የጠለቀ ሰው፣ መላው ከባቢ አየር ከሚጭንበት ክብደት ጋር እኩል የሆነ ሌላ ግፊት ይጨመርበታል። 20 ሜትር ሲደርስ ግፊቱ ሦስት እጥፍ፣ 30 ሜትር ሲደርስ አራት እጥፍ ይሆናል።

በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ፣ እንዲሁም በጉቤት ጠላቂዎች ይበዛሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ በአርታ ዳርቻ ስለሚታይ ጎብኚዎች ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ጠላቂው በጀርባው ከተሸከመው ሲሊንደር አየር ይተነፍሳል፤ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥርም በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን በደሙና በሥጋው ውስጥ አብዝቶ ይሟሟል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1803 ባስታወቀው ሕግ መሠረት በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው የጋዝ መጠን በላዩ ካለው ግፊት ጋር ይመጣጠናል። ጠላቂው በዝግታ ከወጣ ናይትሮጂኑ በሳንባ በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል። ተቻኩሎ ከወጣ ግን ደሙ እንደ ተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ይሆናል፤ አረፋው መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ አንዳንዴም አካልን ያሽመደምዳል። በአርታ ዳርቻ ሲጠልቅ የዋለ ሰው በዚያው ምሽት ወደ አርታ ከተማ ኮረብታ መውጣቱ ወይም አውሮፕላን መሳፈሩ የማይመከረውም ስለዚህ ነው፤ ወደ ላይ መውጣት ግፊቱን ይበልጥ ይቀንሳልና።

የዚህ ሕመም መድኃኒት በሽተኛውን እንደገና ወደ ግፊት መመለስ ነው። ወደ ባሕሩ ሳይሆን፣ ከብረት ወደ ተሠራና አየር በኀይል ወደሚሞላበት ክፍል ይገባል። ፈረንሳይኛ በሚነገርባቸው እንደ ጅቡቲ ባሉ አገሮች ይህ ክፍል «ኬሶን» ይባላል። ቃሉ በ19ኛው መቶ ዘመን የድልድይ መሠረት የሚቆፍሩ ሠራተኞች ከውኃ በታች ይሠሩበት የነበረው ሣጥን ስም ነው፤ ያንኑ ሕመም እነዚያ ሠራተኞችም ቀምሰውታል።

በግፊት ሰውን የማከም ሐሳብ ግን ከዚህም ይቀድማል። ሄንሾ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1662 አየር በወናፍ የሚሞላበትና የሚቀነስበት ክፍል አስቦ ነበር። በዚያን ጊዜ ኦክሲጂን የሚባል ጋዝ መኖሩ እንኳ አይታወቅም፤ የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ቤር እ.ኤ.አ. በ1878 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ኦክሲጂን በከፍተኛ ግፊት ሲሰጥ እንደ መርዝ ሆኖ እንስሳትን እንደሚያንፈራግጥ አሳየ። መድኃኒትና መርዝ የሚለያዩት በመጠን ነው የሚባለው በዚህ ጋዝም ላይ ይሠራል ማለት ነው።

ዘመናዊውን ሕክምና ያስጀመረው የአምስተርዳሙ ቀዶ ጠጋኝ ኢተ ቡረማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት ቀይ የደም ሕዋሳታቸው ተወግዶ የቀረላቸው እጅግ ጥቂት የሆኑ አሳሞች፣ በሦስት አትሞስፌር ግፊት ንጹሕ ኦክሲጂን እየተነፈሱ በሕይወት መቆየታቸውን ገለጸ። ይህ ተአምር የሚመስል ነገር በቀላል ሒሳብ ይፈታል። 100 ሚሊ ሊትር ደም 20 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክሲጂን ይሸከማል፤ ከዚህ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚይዘው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው። በደሙ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኘው 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው የፈለገውን ያህል አጥብቆ ቢተነፍስ ሄሞግሎቢኑ አስቀድሞ ስለሞላ ከዚያ በላይ አይጭንም። የሟሟው ግን እንደ ሄንሪ ሕግ ከግፊቱ ጋር ያድጋል፤ በሦስት አትሞስፌር ንጹሕ ኦክሲጂን ሲሰጥ ወደ 6 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ሰውነት ዕረፍት ላይ ሳለ ከእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ደም የሚወስደው 5 ሚሊ ሊትር ያህል በመሆኑ፣ ሄሞግሎቢን ባይኖርም ለጊዜው ይበቃዋል። ከዚህም በላይ የሟሟ ጋዝ ቀይ ሕዋስ ሊያልፍ በማይችልባቸው ጠባብ የደም ሥሮች ሳይቀር ከደሙ ውኃ ጋር ይደርሳል። የሕክምናው ምሥጢር በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በሥራ ላይ ሲውል ሕመምተኛው በሁለት ወይም በሁለት ተኩል አትሞስፌር ግፊት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ኦክሲጂን ይተነፍሳል። ይህ በሳምንት አምስት ቀን እየተደረገ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ይደጋገማል። ክፍሉ ግፊት ሲጨምር ጆሮ ይደፈናል፤ ሕመምተኛው ምራቁን እየዋጠ ወይም አፍንጫውን ይዞ እየነፋ ይከፍተዋል። ዐይን ለጊዜው ቅርብ ብቻ የሚያይ ሊሆን ይችላል። ሳንባው ቀዳዳ ያለበት ሰው ሳይታከም ፈጽሞ አይገባም። ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን እሳት ነው። በ1967 አፖሎ 1 በተባለችው መንኮራኩር ውስጥ ሦስት አሜሪካውያን ጠፈርተኞች ለልምምድ መሬት ላይ ተቀምጠው ሳሉ የሞቱት፣ ጓዳው በንጹሕ ኦክሲጂን የተሞላ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ክብሪት፣ ስልክና ናይሎን ልብስ ቀርቶ ቅባት የነካው ፀጉር እንኳ ወደ ክፍሉ አይገባም። ራሷን ለጋ ቅቤ የተቀባች እናት ጧት በሳሙና ታጥባ እንድትመጣ ትጠየቃለች፤ ይህ ለባህሉ ከንቀት የተነሣ አለመሆኑን አስቀድሞ ማስረዳት የነርሷ ሥራ ነው።

እስከዚህ የተነገረው ስለ ግፊቱ ነው። ከስኳር በሽታ ጋር የሚገናኘው በእግር በኩል ነው።

በጋላፊ መንገድ የሚመላለስ፣ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ አንድ ሾፌር በዐይነ ኅሊና ይታይ። ስኳር እንዳለበት ከተነገረው አሥር ዓመት ሆኖታል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ በየማረፊያው ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣል፣ ሩዝና ፓስታ ይበላል፤ ከሰዓት በኋላ ጫት ሲይዝ ለስላሳ ያስከትላል። ጅቡቲ ሲገባ ፔካ 12 በሚባለው የጭነት መኪናዎች ማረፊያ ተራ እስኪደርሰው በሸበጥ ይዘዋወራል። በበጋ የጅቡቲ አስፋልት ባዶ እግርን ይልጣል፤ እርሱ ግን ሙቀቱ አይሰማውም። ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረው ስኳር የእግሩን ነርቮች አደንዝዟቸዋልና። አንድ ቀን ዲኪል ላይ ሲያርፉ ረዳቱ ዝቅ ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ ካልሲዎ ደም ሆኗል» አለው። ጫማው ሲራገፍ አንዲት ትንሽ ብሎን ወደቀች። ከጋላፊ ጀምሮ ስትወጋው መጥታለች፤ እርሱ አንድም ጊዜ አላነከሰም።

ሕመም የሌለው ቁስል ከሚያም ቁስል ይብሳል። ያመመው ሰው ያነክሳል፣ ያሳርፈዋል፣ ይታከማል። ያላመመው ይረግጠዋል። በዚህ ላይ ወደ እግር የሚወርዱት የደም ሥሮች በስብ ጠበው ከሆነ ቁስሉ ኦክሲጂን ያጣል፤ ተሐዋስያንን የሚገድሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ኦክሲጂን ከሌላቸው መሣሪያቸው ይደክማል፤ አዲስ ሥጋ የሚሠሩት ሕዋሳትም እንዲሁ። በግፊት ክፍል የሚሰጠው ኦክሲጂን ሊረዳ የሚችለው በዚህ ቦታ ነው።

ይረዳል ወይ? በስዊድን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ የቆየ የእግር ቁስል ከነበረባቸው የስኳር ሕመምተኞች መካከል በግፊት ክፍል ኦክሲጂን ካገኙት በመቶ 52፣ በዚያው ክፍል ተራ አየር ብቻ ካገኙት በመቶ 29 በአንድ ዓመት ውስጥ ቁስላቸው ደርቋል። ሕመምተኞቹም ሐኪሞቹም ማን ምን እንዳገኘ አያውቁም ነበር፤ የጥናቱ ትልቅነት በዚህ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በካናዳ፣ በ2018 ደግሞ በኔዘርላንድስ የታተሙ ጥናቶች ይህን ያህል ልዩነት አላገኙም። በኔዘርላንድሱ ጥናት ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ የታዘዘላቸውን ያህል ጊዜ መመላለስ አቅቷቸው ነበር፤ ለአርባ ቀን በየዕለቱ ሆስፒታል መሄድ ለታመመ ሰው ቀላል አይደለም። በአጭሩ፣ ሕክምናው ለተመረጡ ቁስሎች፣ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያቅት የሚጨመር እንጂ ከሁሉ የሚቀድም አይደለም።

ሾፌሩ በጅቡቲ በታየበት ጊዜ ቁስሉ ብቻ ሳይሆን ደሙም ተመረመረ። ስኳሩ 290፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ 310፣ መጥፎው ኮሌስትሮል 148፣ ጥሩው 31 ሆኖ ተገኘ፤ ሁሉም በዴሲ ሊትር ሚሊ ግራም ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ለወንድ ከ40 በላይ፣ መጥፎው ደግሞ ስኳር ላለበት ሰው ቢያንስ ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል። በዚያው ሳምንት በውጭ አገር የሚኖር የእኅቱ ልጅ ደወለለት። «አጎቴ፣ እዚህ የኦክሲጂን ክፍል የሚባል አለ፤ እግርዎንም ያድናል፣ የደም ስብዎንም አጥቦ ያወጣል ብለውኛል። የመኪናዋን ድርሻዎን ሸጠው ይምጡ» አለው። ያቺ የመኪና ድርሻ የአራት ልጆች እንጀራ ናት። ስለዚህ «አጥቦ ያወጣል» የሚለው ቃል በጥንቃቄ መመርመር ይገባዋል።

ስብ ከውኃ ጋር አይዋሐድም፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ ጉበት ስቡን በፕሮቲን ጠቅልሎ እንደ ጭነት ወደ ደም ይሰደዋል። ጭነቱን ወደየአካሉ የሚያደርሰውና በመንገድ ላይ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ የሚያራግፈው ጥቅል «መጥፎ»፣ ትርፉን ሰብስቦ ወደ ጉበት የሚመልሰው «ጥሩ» ኮሌስትሮል ተብሏል። ኢንሱሊን፣ ማለትም ቆሽት የሚያመነጨው ንጥረ ነገር፣ በተለምዶ የሚታወቀው ስኳርን ወደ ሕዋስ በማስገባት ነው። ነገር ግን የስብ ጎተራውን በር የሚዘጋውም እርሱ ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት ሳይታዘዘው ሲቀር ጎተራው ተከፍቶ ያድራል፤ ስቡ ወደ ጉበት ይጎርፋል፤ ጉበትም በትራይግሊሰራይድ የተሞሉ ጥቅሎችን እያከታተለ ያወጣል። እነዚህ ጥቅሎች በደም ውስጥ ከጥሩው ኮሌስትሮል ጋር ስብ ይለዋወጣሉና ጥሩው እየሳሳ ይወገዳል፤ መጥፎው ደግሞ ጥቃቅንና ድፍን ሆኖ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ በቀላሉ ይሰርጋል። በስኳር ሕመምተኞች ደም ውስጥ ትራይግሊሰራይድ ከፍ፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ዝቅ ብሎ አብረው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። የሾፌሩ ቁጥሮችም ይህንኑ ይናገራሉ።

እንግዲህ ኦክሲጂን በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሚገባበት በር አለን? አለ ለማለት የሚያስችል ፍንጭ ይገኛል። በአውስትራሊያ አዴሌይድ ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በግፊት ክፍል የታከሙ ጥቂት ወፍራም ወንዶች ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የበለጠ እንደታዘዘ አሳይቷል። በሕክምናው ሰዓት የስኳር መጠን ዝቅ እንደሚልም በየሆስፒታሉ ይታወቃል፤ ሕመምተኛው ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ስኳሩ የሚለካው፣ ዝቅ ያለበትም ምግብ ቀምሶ እንዲቆይ የሚደረገው በግፊቱ ውስጥ ሳለ ራሱን እንዳይስት ነው። ኢንሱሊን ከታዘዘ የስብ ጎተራው በር ይዘጋል፤ በሩ ከተዘጋ ትራይግሊሰራይድ ይቀንሳል ተብሎ ቢታሰብ ነገሩ ከአእምሮ አይርቅም። ከሕክምናው በኋላ የሕመምተኞች የደም ስብ መሻሻሉን የገለጹ አነስተኛ ጥናቶችም አሉ።

በተቃራኒው የሚያሰጋም ነገር አለ። ቅቤ አየር እያገኘው ሲከርም ጠረኑና ጣዕሙ የሚለወጠው ኦክሲጂን ስለሚነካው ነው። በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ የተቀመጠ መጥፎ ኮሌስትሮልም በኦክሲጂን ሲለወጥ ይበልጥ ጎጂ ይሆናል። ታዲያ ኦክሲጂን አብዝቶ መስጠት ይህን አያባብስምን? ሰውነት በተደጋጋሚ ሲሰጠው መከላከያውን ያጠናክራል የሚል መልስ አለ፤ መልሱ ግን ነገሩን አይዘጋውም።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት የአነስተኛዎቹ ጥናቶች አሠራር ነው። አንድ ሕመምተኛ ሲመጣ ደሙ ይለካል፤ ከአርባ ቀን በኋላ እንደገና ይለካል፤ ስቡ ቀንሶ ከተገኘ «ክፍሉ ቀነሰው» ይባላል። ይህ ሰው ግን በእነዚያ አርባ ቀናት ያደረገው መተንፈስ ብቻ ነውን? የኢንሱሊኑ መጠን ተስተካክሏል፤ ምግቡ ተመጥኗል፤ ነርስ በየቀኑ አይታዋለች። ይልቁንም እግሩን ይዞት የነበረው መመረዝ ጠፍቷል። መመረዝ ብቻውን ትራይግሊሰራይድን ከፍ፣ ጥሩውን ኮሌስትሮል ዝቅ ያደርጋል፤ ሲድን ሁለቱም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ዶሮ ስለጮኸ ፀሐይ ወጣች እንደማለት ነው። የስዊድኑ ጥናት የተከበረው በአንጻሩ ተራ አየር የተሰጣቸው ሰዎች ስለነበሩበት ነው፤ የደም ስብን ነገር በዚህ ዓይነት በብዙ ሰዎች ላይ መዝኖ የልብ ድካምንና ሞትን መቀነሱን ያሳየ የግፊት ክፍል ጥናት የለም።

ለደም ስብ የተመዘነ መድኃኒት ግን አለ። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሻጋታ ባገኘው ንጥረ ነገር የተጀመረው የስታቲን ክኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት በብሪታንያና በአየርላንድ 2,838 የስኳር ሕመምተኞች ግማሹ በቀን 10 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን፣ ግማሹ ባዶ ክኒን ወሰዱ። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ በመቶ 37 ቀንሶ ስለተገኘ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ተቋረጠ። በየቀኑ አንድ ክኒን እንደ ብረት ክፍል ዐይን አይሞላም፤ ወሬም አይሆንም።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ለሾፌሩ በአስተርጓሚ ነገረው። «እግርዎን ለማዳን ከሆነ፣ ጊዜው ሲደርስ እንነጋገርበታለን፤ ስቡን ለማጥራት ብለው ግን መኪናዎን አይሽጡ» አለው። ከዚያም የሞተው ሥጋ ተቆርጦ ተጣለ፤ የፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ተሰጠው፤ በቁርጭምጭሚቱ ያለው የደም ሥር ትርታ ተዳሰሰ፤ ደካማ ቢሆንም አለ። እግሩ መሬት እንዳይረግጥ በጀሶ ተጠቀለለ። ለሾፌር ከሁሉ የከበደው ይህ የመጨረሻው ነበር። መኪናዋን ረዳቱ ሌላ ሾፌር ፈልጎ ወደ አዲስ አበባ መለሳት፤ እርሱ በባቡር ተከተለ።

በስድስተኛው ሳምንት ቁስሉ በግማሽ ጠበበ። መመረዙ ከጠፋ፣ ስኳሩም ወደ 150 ከወረደ በኋላ፣ ሌሊቱን ጾሞ አድሮ ደሙ እንደገና ተቀዳ። ስታቲን ገና አልጀመረም፤ የግፊት ክፍልም አላየም። ትራይግሊሰራይዱ 205፣ ጥሩው ኮሌስትሮል 36 ሆኖ ተገኘ። መጥፎው ግን ከ148 ንቅንቅ አላለም። ክኒኑ የታዘዘለት በዚያ ቀን ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች ከምንባቡ በመነሣት በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. ባዶው ፕላስቲክ ጅቡቲ ሲደርስ የተጨራመተው ለምንድን ነው? ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ቢወሰድስ ምን ይሆን ነበር?
2. በቡረማ ሙከራ አሳሞቹ በሕይወት የቆዩት እንዴት ነው? በቁጥር አስረዱ።
3. ሾፌሩ የግፊት ክፍል ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ በስድስተኛው ሳምንት ስለተገኘው የትራይግሊሰራይድ ቁጥር የእኅቱ ልጅ ምን ይል ነበር? ትክክል ይሆን ነበርን?

ለ. «የስብ ጎተራ»፣ «ዐይን አይሞላም»፣ «ንቅንቅ አላለም» የሚሉት አነጋገሮች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ትርጉም ግለጹ፤ በእያንዳንዳቸውም የራሳችሁን ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ሐ. ሾፌሩ ለእኅቱ ልጅ መኪናውን የማይሸጥበትን ምክንያት የሚያስረዳበት የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ልጁ የመከረው በቅንነት መሆኑን አትርሱ።